«ሲስተር፣ ልጄ ይድናል ወይ?» የሕፃናት ድንገተኛ የጉበት ድክመትና ልብ ልንላቸው የሚገቡ ምልክቶች

በዚህ እትም የምንነጋገረው ብዙዎቻችን «የወፍ በሽታ» እያልን ስለምንጠራው ሕመም፣ በተለይም ሕመሙ ጠንክሮ ጉበትን ከሥራ ውጪ ሲያደርግ ስለሚከተለው አደጋ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ይዛ ወደ ክሊኒክ የምትመጣ እናት ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ ልጄ ይድናል ወይ?» ትላለች። እኔ መልሱን ከዓይን ቢጫነት ለማንበብ ሞክሬ የተሳሳትኩበት ቀን አለ። ያ ስሕተት በሌላ ሰው እንዳይደገም በማሰብ ይህን ጽፌአለሁ። የሕሙማኑ ማንነት እንዳይታወቅ ስማቸውንም ሆነ የታከሙበትን ቦታ አልጠቀስኩም።

ሁለት ሕፃናት በአንድ ጠዋት

እኔ በነርስነት ሙያ ሰርተፊኬት ያለኝ ስደተኛ የጤና ሠራተኛ ነኝ። ያን ዕለት ጠዋት ወረፋ የያዙትን ሕሙማን እያየሁ አስቸኳዩን ከማያስቸኩለው የምለየው እኔ ነበርኩ።

በመጀመሪያ የገባው የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ነው። ዓይኑ በእርድ የተነከረ ይመስላል። መዳፉና ከምላሱ ሥር ያለው ሳይቀር ቢጫ ሆኗል። ሽንቱ ጥቁር ሻይ መስሏል። አያቱ «ልጄ፣ ይህ ልጅ አለቀልኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። ጎረቤቶችም ተከትለዋቸው መጥተዋል። ልጁ ግን ስሙን ስጠይቀው ነገረኝ። ትምህርት ቤቱንና የመምህሩን ስም ነገረኝ። ከጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ብስኩት አይቶም «ይሰጠኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀጥላ የገባችው የአራት ዓመት ሴት ልጅ ናት። የዓይኗ ቢጫነት ፀሐይ ላይ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። በእናቷ ጀርባ ላይ እንደታዘለች ተኝታለች። እናቷ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ እኔን ያስፈራኝ ቢጫው አይደለም። ቀን ስታንቀላፋ ትውላለች፤ ሌሊት ዓይኗን አፍጥጣ ታድራለች። ትናንት ማታ እኔኑ እያየች ‹እማዬን ጥሩልኝ› አለችኝ። ጠባይዋ የእሷ አይደለም።»

ሰማኋት፤ ግን ልብ አላልኩትም። ዓይኔ ያለው ቢጫው ልጅ ላይ ነበር። እሱን አልጋ አስይዤ፣ ልጅቷን «እኅቴ፣ ትኩሳት ስላለባት ነው የምትቃዠው፤ ፈሳሽ አጠጫትና ከሁለት ቀን በኋላ መልሰሽ አምጫት» ብዬ ወደ ቤት ሸኘኋት።

ሁለት ቀን አልሞላም። በማግሥቱ ሌሊት ልጅቷን በእጅ ጋሪ አድርገው አመጧት። ስትጠራ አትሰማም። ከድዷ ደም ይወጣል። በጣቷ ጫፍ ደም ወስደን ስንመረምር የደሟ ስኳር 28 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ሕፃን ከ45 በታች ራሱ አደገኛ ነው። ያ እጅግ ቢጫ የነበረው ልጅ ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ ድኖ ኳስ መጫወት ጀመረ።

የሁለቱ ልዩነት ምን ነበር? ልጁ ቢጫ ቢሆንም ጉበቱ ሥራውን እየሠራ ነበር። ልጅቷ ብዙ ቢጫ ባትሆንም ጉበቷ ሥራ ሊያቆም ተቃርቦ ነበር። ይህንንም ከማንም አስቀድማ ያየችው እናቷ ናት።

ጉበት ሲደክም በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ጉበት ብዙ ሥራ አለው። ለዛሬው ርእሳችን የሚያስፈልጉትን አራቱን እንመልከት።

አንደኛ፣ አሮጌ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚወጣውን ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ከደም አጣርቶ በሐሞት በኩል ያስወግዳል። ይህ ሥራ ሲታጎል ዓይን ቢጫ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከምግብ ያገኘነውን ስኳር አከማችቶ ባልበላንበት ሰዓት ወደ ደም ይለቃል። ይህ ሲቋረጥ ልጁ ሌሊት በተኛበት ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በደም ውስጥ የሚቆዩት ለሰዓታት ብቻ ነው። ልክ እንደ ዕለት እንጀራ ናቸው፤ ዛሬ ካልተጋገረ ነገ መሶቡ ባዶ ነው። ስለዚህ የደም መርጋት የጉበትን የዛሬ አቅም ከሚያሳዩ መለኪያዎች ዋነኛው ነው።

አራተኛ፣ ከአንጀት የሚመጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደማይጎዳ ነገር ቀይሮ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ጉበት ሲደክም አሞኒያው በደም ተጉዞ አንጎልን ያውካል። የልጁ ጠባይ የሚለወጠው፣ እንቅልፉ የሚገለባበጠው፣ በመጨረሻም ራሱን የሚስተው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የዓይን ቢጫነት ከአራቱ የአንዱ ሥራ መታጎል ምልክት ነው። አብዛኞቹ ዓይናቸው ቢጫ የሚሆን ሕፃናት ሌሎቹ ሦስቱ ሥራዎች ስለማይቋረጡባቸው በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ድንገተኛ የጉበት ድክመት የምንለው ቀድሞ የጉበት ሕመም ያልነበረበት ልጅ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሁሉም ሥራ ሲቋረጥበት ነው።

ሐኪሞች በምን ይለካሉ?

ላቦራቶሪ ባለበት ሆስፒታል ደም ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ አይ ኤን አር በሚባል ቁጥር ይገለጻል። በጤነኛ ሰው ወደ 1 የቀረበ ነው። አንድ ሕፃን ቫይታሚን ኬ በመርፌ ተሰጥቶትም ቁጥሩ 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና የአእምሮ መታወክ ካለበት፣ ወይም አእምሮው ደህና መስሎ ቁጥሩ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ ድንገተኛ የጉበት ድክመት አለበት ይባላል። ቫይታሚን ኬ የሚሰጠው ችግሩ የቫይታሚኑ እጥረት ብቻ እንዳይሆን ለመለየት ነው። ከተሰጠ በኋላ ደሙ መርጋት ከጀመረ ጉበቱ አቅም አለው ማለት ነው። ካልተስተካከለ ግን ጉበቱ ራሱ ደክሟል።

ከዚህ ልብ በሉ። አእምሮው ደህና የሆነ ሕፃንም የጉበት ድክመት ሊኖረው ይችላል። በሕፃናት ላይ የአእምሮ መታወክ ዘግይቶ ሊመጣ፣ ወይም እንደ ተራ ብስጭት ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል። የእኔም ስሕተት ይኸው ነበር።

የአእምሮ መታወክ በደረጃ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ልጁ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል፣ ጨዋታ ይተዋል፣ ቀንና ሌሊቱ ይገለባበጥበታል፣ የሚያውቀውን ሰው ወይም ነገር ይስታል። ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ ሲቀሰቀስ ብቻ ነቅቶ የማይገናኝ ነገር ይናገራል። በመጨረሻው ደረጃ ቢቆነጠጥም አይነቃም። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የመዳን ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል ቢጫ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ከትናንት ይልቅ ዛሬ ነቅቷል ወይስ ደንዝዟል?» የሚለው መሆን አለበት።

ትንበያ ፍርድ አይደለም

የትኛው ሕመምተኛ በራሱ ይድናል፣ የትኛውስ ያለ ጉበት ንቅለ ተከላ አይተርፍም የሚለውን አስቀድሞ ለማወቅ ሐኪሞች ብዙ ደክመዋል። ከታወቁት መመዘኛዎች አንዱ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የ588 ሕሙማንን ታሪክ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ነው። የሕመሙን ምክንያት፣ ዕድሜን፣ የደም መርጋትን፣ የቢሊሩቢንን መጠንና የመሳሰሉትን እያየ ሕመምተኛው ወደ የትኛው ወገን እንደሚያዘነብል ይናገራል።

ይህ መመዘኛ በሕፃናት ላይ ሲፈተን ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ፓራሲታሞል ባልሆነ ምክንያት ጉበታቸው የደከመና ንቅለ ተከላ ያላገኙ ከ500 በላይ ሕፃናትን ተመልክቷል። በመመዘኛው መሠረት ይሞታሉ ተብለው ከተመደቡት መካከል የሞቱት 33 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ተርፈዋል ማለት ነው። አይሞቱም ከተባሉት ደግሞ 88 በመቶ ያህሉ ድነዋል፤ ከመቶ 12 ያህሉ ግን አልዳኑም።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም ሰው አንድን ሕፃን አንድ ጊዜ አይቶ «ይህ አይተርፍም» ብሎ ተስፋ የመቁረጥ መብት የለውም። ሁለተኛ፣ «ይህ ደህና ነው» ብሎ ቤት ልኮ መርሳትም አይገባም። የሕፃን ጉበት ሁኔታ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጠዋት የታየ ልጅ ማታ ደግሞ መታየት አለበት።

የሚያታልል መሻሻል

ይህን የምጽፈው ከባድ ሆኖብኝ ነው። ከልጅቷ ታሪክ በኋላ በሌላ ዓመት አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ወደ ሆስፒታል ተልኮ ነበር። የሕመሙ ምክንያት አልታወቀም። በመጀመሪያው የደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይም የሚባለው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ በጣም ወረደ። አባቱ የምርመራውን ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ። እኔም ቁጥሩን ብቻ አይቼ «አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየተሻለው ነው» አልኳቸው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ።

ምን አጠፋሁ? ቤት ሲቃጠል ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲጠፋ እሳቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚቃጠል ነገር አልቆም ሊሆን ይችላል። የጉበት ኢንዛይም እንደዚያ ጭስ ነው። ከተጎዱ የጉበት ሕዋሳት የሚፈስ ነው። ሕዋሳቱ ካለቁ የሚፈስ ነገር አይኖርም፤ ቁጥሩም ይወርዳል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሲወርድ ሦስት ነገሮችን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ደሙ ይረጋል ወይ? ቢጫነቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? አእምሮውስ? ከቀኝ ጎድን አጥንት በታች ይዳሰስ የነበረው ጉበት በድንገት የማይዳሰስ ከሆነም ይህ እብጠቱ ጎደለ ተብሎ የሚያስደስት ሳይሆን ጉበቱ እየሟሸሸ መሆኑን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። በዚያ ልጅ ክንድ ላይ መርፌ የተወጋበት ቦታ ሁሉ በልዞ እንደነበር አባቱ ነግረውኝ ነበር። ዋናው ዜና እሱ ነበር።

ምክንያቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

የመዳን ዕድል ከሁሉ ይልቅ የሚወሰነው ጉበቱን በጎዳው ነገር ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ያሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች ተባብረው የ348 ሕፃናትን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከግማሽ ያህሉ ምክንያቱ አልተገኘም። 14 በመቶው ግን ከፓራሲታሞል የመጣ ነበር። በፓራሲታሞል የተጎዱት ምክንያቱ ካልታወቀው ይልቅ እጅግ የተሻለ የመዳን ዕድል ነበራቸው። በእኛ አካባቢ ልናስባቸው የሚገቡ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

የሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ቫይረሶች በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ። ኤ በትንንሽ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ያለ ቢጫነት አልፎ ይሄዳል፤ ጉበትን የሚያደክመው በጥቂቶች ላይ ነው። ኢ በመጠለያ ካምፖች ታሪክ አለው። በሰሜን ዩጋንዳ ኪትጉም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በተነሣው ወረርሽኝ ከ10,000 በላይ ሰዎች ታመው 160 ያህሉ ሞተዋል። በ2012 በደቡብ ሱዳን ማባን እና በኬንያ ዳዳብ፣ በ2021 ደግሞ በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ካምፖች ታይቷል። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያሉ፣ በሄፓታይተስ ኢ ከሁሉ የበለጠ ይጎዳሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ልጅ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቤት ያለች ነፍሰ ጡርም መታየት አለባት።

ፓራሲታሞል በልኩ ሲሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ጉበትን ያቃጥላል። የዚያች ልጅ ምክንያት በኋላ እንደታወቀው ይኸው ነበር። ክብደቷ 16 ኪሎ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚበቃት በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ በድምሩ 240 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ መብለጥ የለበትም። ክሊኒኩ የሰጣት ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው ስለነበር «ሁለት ማንኪያ» ተብሎ ተነገራት። ሽሮፑ ሲያልቅ ቤተሰቡ ከሱቅ ሌላ ጠርሙስ ገዛ። ይኼኛው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ነበር። እናቲቱ እንደተነገራት ሁለት ማንኪያ ሰጠች፤ ትኩሳቱ አልለቅ ስላለም በየአራት ሰዓቱ ሌትና ቀን ለአምስት ቀን ሰጠች። በቀን ከ960 ሚሊ ግራም መብለጥ የሌለበት 3,000 ሚሊ ግራም ደረሰ። ልጅቷ ደግሞ ምግብ አልበላም ብላ ነበር፤ ይህ ጉዳቱን ያብሳል። እናቲቱ አላጠፋችም። ያጠፋነው «ሁለት ማንኪያ» ብለን ጠርሙሱን ያላስነበብን እኛ ነን።

የባህል መድኃኒትም አለ። «የወፍ መድኃኒት» ተብሎ የሚሰጥ ቅጠልና ሥር ሁሉ መርዝ ነው አልልም። ነገር ግን መጠኑ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ጉበትን ይጎዳል። ልጁ በራሱ ሊድን ሲል ከተሰጠ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል፤ ልጁ ሲብስበት ደግሞ ወደ ሕክምና የሚመጣበትን ጊዜ ይበላል። የሰጣችሁ ከሆነ አትደብቁን፤ እንቆጣለን ብላችሁም አትፍሩ። ማወቃችን ሕክምናውን ይለውጠዋል።

የሻገተ እህልም ያስጠረጥራል። በምሥራቅ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሻገተ በቆሎ ውስጥ ባለ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። የራሽን እህላችሁ እርጥበት ከነካውና ከሻገተ አትብሉት፤ ለበጎ ፈቃደኛው አሳዩ።

በመጨረሻም ወባን አንርሳ። ከባድ ወባም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ራስን ያስታል፣ ስኳርንም ያወርዳል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትና ቢጫ የሆነ ልጅ ሁሉ የወባ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ትኩሳትና ቢጫነት አንድ ላይ ሲገኙ ቢጫ ወባም ሊሆን ስለሚችል ለጤና ክፍሉ ሪፖርት ይደረጋል።

በጎ ፈቃደኞችና ወላጆች ምን እናድርግ?

ቢጫ የሆነ ልጅ ባለበት ቤት በየቀኑ ጠዋትና ማታ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1. ሌሊት ተኝቷል ወይስ ቀንና ሌሊቱ ተገለባብጧል?
2. እናቱን፣ ስሙን፣ ያለበትን ቦታ ያውቃል? ለማያወራ ሕፃን ደግሞ እናቱን «ጠባዩ እንደ ወትሮው ነው?» ብለን እንጠይቅ።
3. ከድዱ፣ ከአፍንጫው ወይም መርፌ ከተወጋበት ቦታ ደም ይወጣል? ሰውነቱ ያለ ምክንያት በልዟል? ሰገራው ጥቁር ሆኗል?
4. ይበላል፣ ይጠጣል? ወይስ ደጋግሞ ያስታውከዋል?
5. እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን ቀና ሲያደርግ እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል?

ማንበብና መጻፍ የጀመረ ልጅ ከሆነ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ስሙን ወይም አንድ ክብ በወረቀት ላይ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ቀኑንም ጻፉበት። ትናንት ቀጥ ብሎ የጻፈ ልጅ ዛሬ ፊደሉ ከተበታተነ ያ ወረቀት ለሐኪም ትልቅ ማስረጃ ነው።

ከአምስቱ አንዱ እንኳ ከተለወጠ ነገ አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን የብሎካችሁን በጎ ፈቃደኛ ቀስቅሱ። አምቡላንስ እስኪመጣ ልጁ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ በ200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ አራት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ስጡት፤ የሚጠባ ከሆነ ጡት አጥቡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታጠጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ አምጡት። የሰጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶውን ጠርሙስና ቅጠሉንም ጭምር፣ ይዛችሁ ኑ።

ቢጫ ለሆነ ልጅ የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። ከጤና ሠራተኛ ትእዛዝ ውጪ ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን አትስጡት። አልተኛ ቢል የእንቅልፍ መድኃኒት አይሰጠው፤ የአእምሮውን ሁኔታ ይሸፍንብናል፣ ሕመሙንም ያብሳል። የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒት አይጠጣ። ምግብም አትከልክሉት። ጥቂት ጥቂቱን ደጋግማችሁ አብሉት፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሳችሁ አብሉት።

በክሊኒክ ያለን ሠራተኞች ደግሞ የእናትን ቃል በካርዱ ላይ እንጻፍ። የደም ስኳር በየጥቂት ሰዓቱ እንለካ፤ ከ45 በታች ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በደም ሥር እንስጥ፤ ወዲያው ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ደግመን እንለካ። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ እንቀንስ። የአእምሮ ለውጥ ወይም መድማት ያለበትን ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ ብለን አንሸኝ። ዕለቱን ሪፈር እንጻፍ።

ለመከላከል ያለን መንገድ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። በክሎሪን የታከመ ውኃ መጠጣት፣ ጄሪካን በየጊዜው ማጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ።

ልጅቷስ?

ያን ሌሊት ግሉኮሱ ከተሰጣት በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ ግን ሰው አልለየችም። አምቡላንስ ሲመጣ ከዘመድ አንዱ «ለምን መንገድ ላይ ትሞታለች? ቤቷ ትሙት» አለ። እናቲቱ ወደ እኔ ዞረች። «ሲስተር፣ ትድናለች ወይ?» አለችኝ። ያን ጊዜ «አላውቅም፤ ግን ለመሞቷ ገና ማስረጃ የለንም። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ስኳሯን ለካሁ፤ በአንዱ ወርዶ ስላገኘሁት ደግሜ ሰጠኋት።

ሆስፒታሉ የፓራሲታሞል ማርከሻ ነበረው። ማርከሻው ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል፤ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል። ለልጅቷ የተሰጣት በጣም ዘግይቶ ነው። ሁለት ቀን ለውጥ አልታየም። በሦስተኛው ቀን ድዷ መድማቱን አቆመ። በአራተኛው ቀን እናቷን በስሟ ጠራቻት። የሚገርመው፣ በዚያው ቀን ዓይኗ ከመጣችበት ቀን ይልቅ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቢጫነት ሲመጣም ዘግይቶ፣ ሲሄድም ዘግይቶ ነውና ጎረቤት «ባሰባት» ሲል እናቷ ግን «ልጄ ተመልሳለች» ትል ነበር። ልክ የነበረችው አሁንም እናቷ ናት።

ዛሬ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ግን የለም። ሁለቱንም ያስታመሙ ወላጆች ያዩትን ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ «ጠባዩ ተለውጧል» ብላችሁ ተናገሩ። ካልሰማናችሁ ደግማችሁ ተናገሩ፤ ካርዱ ላይ ሳይጻፍም አትሂዱ።

ልጆቻችንን እግዚአብሔር ይጠብቅልን።